ቆጣሪ ምን ዕዳ አለበት?

በዚህ ዕትም ስለ አይጥ ቆጠራ እንጽፋለን ብንል ምናልባት ፈገግ ትሉ ይሆናል። በሀገራችን አይጥ የምትገደል እንጂ የምትቆጠር አልነበረችም። ከጎተራችን ገብታ ጤፉንና ማሽላውን ስታበላሽብን ድመት እናሳድግባታለን፣ ወጥመድ እናጠምድባታለን እንጂ ብዛቷን የጠየቀ ሰው አላየንም። ይሁን እንጂ በዚህች በእስራኤል ምድርም ሆነ በሌሎች ብዙ ሀገሮች፣ የተማሩ ሰዎች ማታ ወደ ጫካ ገብተው ወጥመድ የሚዘረጉበት፣ ንጋት ላይ ተመልሰው የተያዘውን ሁሉ መዝነውና ምልክት አድርገው ከነሕይወቱ የሚለቁበት ሥራ አለ። ይህም የትንንሽ አጥቢ እንስሳት ቆጠራ ይባላል።

ስለዚህ ሥራ ለመጻፍ የተነሣነው አይጥን ለማወደስ አይደለም። ሥራውን ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ ከባድ ጥያቄ ያገኝበታል። ይኸውም፦ ሕይወት ያለውን ፍጡር ይዞ፣ መዝኖና ቆጥሮ በመዝገብ ላይ ማስፈር ተገቢ ነውን? ተገቢ ከሆነስ ቆጣሪው ለተቆጠረው ምን ዕዳ አለበት? የሚል ነው። ጥያቄው ከእኛ የራቀ አይደለም። ወደዚህ ሀገር ከገባንበት ዕለት አንሥቶ በአውሮፕላን ማረፊያ፣ በመርካዝ ክሊታ፣ በኩፓት ሆሊም፣ በልጆቻችን ትምህርት ቤት ስንቆጠር ኖረናል። «ስንት ናችሁ? ስንታችሁ ሥራ ያዛችሁ? ስንታችሁ ዕብራይስጥ ታነባላችሁ?» ያልተባለ ቤተሰብ በመካከላችን የለም። በማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ ላይ ያለን ደግሞ ቅጽ ይዘን በር የምናንኳኳ እኛው ነን። ስለዚህ ነገሩን ከሁለቱም ወገን ማየት ይገባናል።

በመጀመሪያ ስለ ጫካው እንናገር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከሃይፋ ከተማ በላይ የሚገኘው የቀርሜሎስ ተራራ በነቢዩ ኤልያስ ታሪክ ሁላችንም የምናውቀው ነው። በላዩ ላይ ያለው ጫካ በዕብራይስጥ ኦሬን የሚባለው ጥድ መሰል ዛፍ፣ አሎን የሚባለው ጠንካራ ዛፍና ሌሎችም ቁጥቋጦዎች ተቀላቅለው የሚበቅሉበት ነው። በ1989 በዚህ ተራራ ላይ ትልቅ እሳት ተነሥቶ ብዙ ጫካ አቃጠለ። በዲሴምበር 2010 ደግሞ ከዚያ እጅግ የከፋ እሳት ተነሥቶ 44 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ከመጀመሪያው እሳት በኋላ አብርሃም ሃይምና ኢዶ ኢዝሃኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በተቃጠለው መሬት ላይ ያሉትን አይጦች መከታተል ያዙ፤ ጥናታቸውንም በ1994 አሳተሙ። ከእንዲህ ዓይነቱ ክትትል የተገኘው ትምህርት ይህ ነው። ጫካ ሲቃጠል የአይጥ ወገን ሁሉ ጠፍቶ አይቀርም፤ መሬቱ ሲገለጥ ገላጣ መሬት የሚወዱት ቀድመው ይታያሉ፤ ቁጥቋጦው ሲያድግና ጥላው ሲመለስ ደግሞ የጫካዎቹ በተራቸው ይመለሳሉ። እንግዲህ በአንድ ቦታ የትኛው የአይጥ ወገን እንዳለ የሚያውቅ ሰው ጫካው ከቃጠሎው ምን ያህል እንዳገገመ ሊናገር ይችላል። አይጦች ፍሬ ይበላሉ፣ ፍሬ ተሸክመው ይደብቃሉ፣ ከደበቁትም ውስጥ ተረስቶ የሚበቅል አለ። ጉጉት፣ እባብና ቀበሮ ደግሞ በእነርሱ ይኖራሉ። ስለዚህ የትንሿ ፍጡር ነገር የትልቁ ጫካ ነገር ሆኖ ይገኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወጥመዱ አንድ ስንዝር ያህል ርዝመት ያለው፣ ከስስ ብረት የተሠራ ሣጥን ነው። ውስጡ አጃ ከኦቾሎኒ ቅቤ ጋር ተለውሶ ይቀመጣል። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ጥጥ ይጨመርበታል። ወጥመዶቹ በመስመር በመስመር፣ በእኩል ርቀት ይደረደራሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ቁጥር አለው። አይጧ ምግቡን ፈልጋ ስትገባ ወለሉን ትረግጣለች፤ በሩም ከኋላዋ ይዘጋል። ሣጥኑ አይጎዳትም፤ ነገር ግን ጠባቂው ሰው በጊዜ ካልመጣ በብርድ፣ በፀሐይ ወይም በረሃብ ትሞታለች። በተለይ ነፍሳት የምትበላው አፈ ሾጣጣ ትንሽ አውሬ ለጥቂት ሰዓታት እንኳ ያለ ምግብ መቆየት ይከብዳታል። ስለዚህ ወጥመድ የዘረጋ ሰው ንጋት ላይ መተኛት አይችልም። ካልመጣ ገዳይ ሆነ ማለት ነው።

ሰውየው በጊዜ ከደረሰ አይጧን ወደ ጨርቅ ከረጢት አውርዶ ይመዝናታል፤ ወንድ ወይም ሴት መሆኗን ይጽፋል፤ ጠጉሯን በጥቂቱ በመቁረጥ ወይም በጆሮዋ ላይ ቁጥር ያለበት ትንሽ ብረት በማድረግ ምልክት ያኖርባታል። ከዚያም በተያዘችበት ቁጥር፣ በዚያው ቦታ ይለቃታል። ሌላ ቦታ መልቀቅ ነውር ነው። ጎሬዋን፣ ያከማቸችውን እህልና ልጆቿን የማታገኝበት ቦታ ላይ መጣል ስለሚሆን ነው።

ታዲያ በጥቂት ሣጥን ጫካ ሙሉ አይጥ እንዴት ይቆጠራል? ዘዴው ቀላል ነው። ፒተርሰን የተባለ የዴንማርክ ሊቅ በ1896 በዓሣ ላይ፣ ሊንከን የተባለ አሜሪካዊ ደግሞ በ1930 በዳክዬ ላይ የተጠቀሙበት ነው። ለምሳሌ በመጀመሪያው ዙር 40 አይጦች ተይዘው ምልክት ተደርጎባቸው ተለቀቁ እንበል። ከጥቂት ቀን በኋላ 50 ተያዙ፤ ከእነዚህ ውስጥ ምልክት ያላቸው 10 ሆኑ። ከተያዙት አምስተኛው እጅ ምልክት ካለው፣ ምልክት የተደረገባቸው 40 ደግሞ የጠቅላላው አምስተኛ እጅ ናቸው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ በጫካው ውስጥ 200 አይጦች አሉ ይባላል።

ዘዴው ግን የተመሠረተው በአንድ እምነት ላይ ነው። ሁሉም አይጦች እኩል ወደ ወጥመድ ይገባሉ የሚል እምነት ነው። ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ እውነት እንዳልሆነ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ። አንዳንዷ አይጥ የኦቾሎኒውን ጣዕም ከቀመሰች በኋላ በየማታው ወደዚያው ሣጥን ትመለሳለች። ሌላዋ አንድ ጊዜ ከተያዘች ሁለተኛ አትቀርብም። ከመጀመሪያውም የብረት ሽታ ሲሸታት ዞራ የምትሄድ አለች። በምሳሌያችን ምልክት ያላቸው ምግቡን ወድደው 25 ሆነው ቢመለሱ ሒሳቡ 80 አይጦች ብቻ አሉ ይላል፤ 120 ፍጡራን በሕይወት እያሉ በወረቀት ላይ ጠፉ ማለት ነው። ምልክት ያላቸው ፈርተው 5 ብቻ ቢመለሱ ደግሞ ሒሳቡ 400 ይላል፤ የሌሉ 200 አይጦች በወረቀት ላይ ተወለዱ፤ ጫካውም ሳይድን ድኗል ይባላል። ጫካው ያው ነው፤ ቁጥሩን የለወጠው የአይጦቹ ፍርሃትና ድፍረት ነው።

እንግዲህ የቆጣሪው የመጀመሪያ ዕዳ ስላልመጡት መናገር ነው። «ይህን ያህል ያዝኩ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ይህን ያህል አሉ» ማለት ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሸሸገ ሰው ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም ሐሰተኛ ምስክር ነው።

በእኛም ዘንድ ይህ ይታያል። ወደ ማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ የሚመጣ ቤተሰብ አለ። መንገዱን ስለሚያውቅ፣ ቋንቋውንም ስለቻለ ደጋግሞ ይመጣል፤ ይህም መብቱ ነው። አንድ ጊዜ መጥቶ፣ በማያውቀው ቋንቋ ተጠይቆ፣ ልጁ አስተርጓሚ ሆኖበት አፍሮ የሄደና ሁለተኛ ያልተመለሰ ቤተሰብም አለ። ፈጽሞ ያልመጣም አለ። በዓመቱ መጨረሻ «ችግረኛው ይህን ያህል ነው» ተብሎ ሲጻፍ የተቆጠረው በሩን ያንኳኳው ብቻ ነው። ያልመጣው ችግር የለበትም ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ በየቢሮው ያለን ሰዎች በየሪፖርታችን ግርጌ «እነማን አልመጡም? ለምንስ አልመጡም?» የሚል መስመር ልንጨምር ይገባል እንላለን።

ሁለተኛው ዕዳ ስለ ምልክቱ ነው። በቀድሞ ጊዜ በብዙ ሀገር ተመራማሪዎች አይጥን ለመለየት የእግሯን ጣት ጫፍ ይቆርጡ ነበር። የትኛው ጣት እንደተቆረጠ በማየት የትኛዋ አይጥ እንደሆነች ይታወቃል። ርካሽ ነው፣ አይጠፋም፣ አይወድቅም። ነገር ግን በጣቷ የምትወጣና የምትቆፍር ፍጡር ናት። ከጊዜ በኋላ ብዙዎች ይህን ትተው ወደ ጠጉር መቁረጥና ወደ ጆሮ ምልክት ዞረዋል። የተቆረጠ ጠጉር ቶሎ ይበቅላል፤ ስለዚህ ለቆጣሪው አይመችም፤ ለተቆጠረችው ግን ይሻላል። የዚህ ነገር ሚዛን እዚህ ላይ ነው። ለቆጣሪው የሚቀለው ምልክት ለተቆጠረው የሚከብድ ሊሆን ይችላል። በዚህ ሀገርም ቢሆን ነገሩ ለእያንዳንዱ ሰው ፈቃድ የተተወ አይደለም። የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ በ1955፣ እንስሳትን ከማሠቃየት የሚከለክለው ሕግ ደግሞ በ1994 ወጥተዋል።

እኛ ከኦሪት ያደግን ሰዎች ይህ ሊያስደንቀን አይገባም። ኦሪት አይጥን በምድር ላይ ከሚንቀሳቀሱት ርኩሳን ጋር ትቆጥራታለች፤ በድኗን የነካ እስከ ማታ ርኩስ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን በጥንቃቄ ጠብቀው ኖረዋል። ነገር ግን አይበላም ማለት ይሠቃይ ማለት አይደለም። ያችው ኦሪት ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ወፍ ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ፣ እናቲቱን እንዲለቅ ታዝዛለች። እጃችን የገባ ፍጡር ሁሉ ልናደርግበት የምንችለውን ሁሉ ልናደርግበት አልተሰጠንም።

ሰው ደግሞ ምልክት የሚደረግበት በወረቀት ነው። በአንድ ልጅ መዝገብ ላይ «ትምህርት አይገባውም» ተብሎ የተጻፈች አንዲት መስመር ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ትከተለዋለች። ልጁ በዚያ ወር አያቱ ሞተውበት እንደነበር መዝገቡ አይናገርም። ለጻፈው ሰው ሥራው የአንድ ደቂቃ ነበር። ለልጁ ግን እንደተቆረጠ ጣት ነው፤ አይበቅልለትም። ጠጉር የሚቆርጥ እንጂ ጣት የማይቆርጥ ጽሑፍ መጻፍ ይቻላል። ቀኑን መጻፍ፣ ምክንያቱን መጻፍ፣ ነገሩ ሲለወጥም ተመልሶ ማረም ማለት ነው።

ሦስተኛው ዕዳ የታየውን ነገር ከታየበት ሁኔታ አለመነጠል ነው። ለዚህ ከጫካው ጥቂት ወጣ ብለን በሙት ባሕር አጠገብ ወዳለው ወደ ዓይን ገዲ ድንጋያማ ቦታ እንሂድ። እዚያ ጀርባቸው እንደ እሾህ የሚቆም ጠጉር ያለባቸው ሁለት የአይጥ ወገኖች አብረው ይኖራሉ። አንደኛው ሌሊት ይወጣል፤ ወርቃማ መልክ ያለው ሁለተኛው ቀን፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ይወጣል። በቀን ያየው ሰው «ይህ የቀን እንስሳ ነው» ብሎ ይጽፋል። አሚራም ሽኮልኒክ የተባለ ተመራማሪ የመጀመሪያውን ወገን ከአካባቢው ቢያነሣ ወርቃማው በሌሊትም መውጣት ጀመረ። ይህንንም በ1971 አሳተመ። ወርቃማው አይጥ የቀኑን ሙቀት መርጦ እንዳልነበረ ታወቀ፤ ሌሊቱን ሌላው ስለያዘው ነው።

አንዲት እናት በወላጆች ስብሰባ ላይ ዝም ብላ ስትቀመጥ «ዝምተኛ ናት፤ በልጇ ትምህርት አትሳተፍም» ተብሎ ይጻፋል። ያቺው እናት በአማርኛ በሚነገርበት ቤት የጎረቤት ጠብ የምታስታርቅ፣ ቃሏ የሚሰማ ሴት ናት። ዝምታዋ ተፈጥሮዋ አልነበረም፤ በዚያ ክፍል ውስጥ የቀረላት ቦታ ነው። ቆጣሪው የጻፈው ያየውን ነው፤ ለምን እንዲህ እንደሆነ ግን አልጠየቀም።

እዚህ ላይ «እንዲህ ከሆነ መቆጠር ቢቀርብንስ?» የሚል ይኖራል። ይህ ሐሳብ መናቅ የለበትም። በሀገራችን ልጅንም ከብትንም መቁጠር አይወደድም ነበር፤ ዓይን ይበላል ይባላል። እዚህም በምኵራብ ለጸሎት አሥር ሰው መሙላቱን ሲያዩ በቁጥር ፈንታ አሥር ቃላት ባሉት ጥቅስ የሚቆጥሩ አሉ። ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ባስቆጠረ ጊዜ ቸነፈር መጥቶ 70,000 ሰው እንደሞተ በመጽሐፈ ሳሙኤል ተነግሯል። በሌላ በኩል ግን ከአምስቱ የኦሪት መጻሕፍት አንዱ ስሙ ራሱ ዘኍልቍ ነው፤ የቁጥር መጽሐፍ ማለት ነው። በምድረ በዳ 603,550 ወንዶች በየስማቸው፣ በየአባቶቻቸው ቤት ተቆጥረዋል። በኦሪት ዘፀአትም ሕዝቡ ሲቆጠር እያንዳንዱ ግማሽ ሰቅል እንዲሰጥ፣ ባለጠጋው እንዳይጨምር ድሃውም እንዳያጎድል ታዟል። ገንዘቡም ሁሉም ለሚሰበሰብበት ለመገናኛው ድንኳን አገልግሎት ዋለ። ሊቃውንት የዳዊትን በደል በልዩ ልዩ መንገድ ተርጕመውታል። እኛ የምናስተውለው ግን መቁጠር በራሱ እንዳልተከለከለ ነው። የተለየው በምን ዓይነት መንገድና ለማን ጥቅም እንደሚቆጠር ነው።

ካልተቆጠረም ጉዳት አለ። ጫካ ከተቃጠለ በኋላ ሰዎች ተሰብስበው ይመክራሉ። የተቃጠለው እንጨት ይነሣ ወይስ ይተው? ችግኝ ይተከል ወይስ ጫካው በራሱ ይመለስ? የእሳት መከላከያ ሰው ይናገራል፤ በአቅራቢያው የሚኖር ሰው ይናገራል፤ ለሽርሽር የሚመጣውም ይናገራል። አይጧ አትናገርም። «የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» ይላል ሀገራችን፤ ደካማ ምስክር ማለቱ ነው። በዚያ ስብሰባ ላይ ንጋት ላይ የተነሣው ሰው ደብተር ባይኖር ድንቢጥም አይኖራትም ነበር። ደግሞም «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» እንላለን። የትኛዋ አይጥ የት እንዳለች ሳይታወቅ ለአንዷ ጥፋት በሜዳው ሁሉ መርዝ ቢረጭ ጥፋት የሌለባትም ትሞታለች፤ የተመረዘችውን የበላ ጉጉትም ይሞታል። በአንድ ልጅ ጥፋት የመንደር ስም ሲጠፋ ያየን እኛ ይህን ምሳሌ ማንም ሊያስረዳን አያስፈልገውም። በጥንቃቄ የተቆጠረ ሕዝብ ግን «ይህን ያህል ልጆች ትምህርት ጨርሰዋል፤ ይህን ያህሉ ደግሞ እገዛ ያስፈልጋቸዋል» ብሎ ሊከራከር ይችላል።

በእኛና በአይጧ መካከል ትልቅ ልዩነት መኖሩን ግን አንርሳ። አይጧ ለምን እንደተያዘች ልትጠይቅ አትችልም። ስለዚህ የእርሷን ጥያቄ ቆጣሪው ራሱ ለራሱ መጠየቅ አለበት። እኛ መጠየቅ እንችላለን። ቅጽ ይዞ የመጣ ሰው በራችሁን ሲያንኳኳ ቡና አቅርባችሁ፣ በትሕትና፣ «ይህን የምትጠይቁን ለምንድን ነው? ማን ያነበዋል? ውጤቱንስ መቼ ትነግሩናላችሁ?» በሉት። የማይገባችሁ ቃል ካለ በአማርኛ እንዲነገራችሁ ጠይቁ፤ ልጃችሁን ሳይሆን አዋቂ አስተርጓሚ እንዲያመጣ ጠይቁ። ይህ ድፍረት አይደለም። በቅን ልቦና የሚቆጥር ሰው እንዲህ ሲጠየቅ አይከፋውም፤ ሥራው ይቃናለታል።

እኛም በዚህ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች፣ ወጥመድ ዘርግቶ ንጋት ላይ መተኛት እንደማይቻል እናስብ። አንድ ቤተሰብ ስለ ሕመሙ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ዕዳው ከነገረን በኋላ በሩ ከኋላው ተዘግቷል፤ መልስ ይጠብቃል። ቅጹ ከመሳቢያ ሲያድር የሚጠብቀው ሰው በብርድ ያድራል። በጊዜ መመለስ፣ የሰማነውን ለሚመለከተው ማድረስ፣ የተገኘውንም ውጤት ወደዚያው ቤት ይዞ መሄድ ይገባናል፤ ከወሰድንበት ቦታ መልሶ መልቀቅ ማለት ይህ ነው። የዚህን ዓመት ቅጾች ሞልተን ከመዝጋታችን በፊት በየሠፈራችን ያልመጡትን ቤተሰቦች ስም እንጻፍ፤ እየሄድንም እንጠይቃቸው።

ሰላምና ጤና ከሁላችሁ ቤት አይለይ።